ማንበብ የሚችለውን ማን ቆጠረው?

ወንድማችን «እ.ኤ.አ. በ1820 ማንበብና መጻፍ የሚችለው የዓለም ጎልማሳ ከመቶ 12 ያህል ነበር፣ ዛሬ 87 ገደማ ደርሷል ይባላል፤ ያኔ ማን ቆጥሮት ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ያኔ የቆጠረ የለም፤ ቁጥሩ ኋላ ላይ ከመዛግብት የተሰላ ግምት ነው። በእንግሊዝ ከ1754 ጀምሮ ሙሽሮች በጋብቻ መዝገብ ላይ መፈረም ስለ ነበረባቸው፣ ስሙን የጻፈው ፊደል እንደሚያውቅ፣ ምልክት ብቻ ያደረገው እንደማያውቅ ተወሰደ። በስዊድን ግን ከ1686ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ወዲህ ካህናቱ ይፈትኑ የነበረው ንባብን እንጂ ጽሕፈትን ስላልነበረ፣ መፈረም የማይችል ብዙ አንባቢ ነበር። በእኛም አገር ዳዊት እየደገመ ብዕር ጨብጦ የማያውቅ ጥቂት አይደለም።

ዩኔስኮ በ1958 «ስለ ዕለት ኑሮው አጭርና ቀላል ነገር እየተረዳ የሚያነብና የሚጽፍ» የሚለውን መለኪያ አወጣ። መለኪያው አንድ ቢሆንም አጠያየቁ አንድ አልሆነም፤ በአንዳንዱ ጥናት ተጠያቂው ካርድ ተሰጥቶት ዓረፍተ ነገር ያነባል፣ በሕዝብ ቆጠራ ግን አባወራው ስለ ቤተሰቡ ሁሉ ይመልሳል።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ቆጣሪ ነበርሁ። አንድ አዛውንት ማንበብና መጻፍ ይችሉ እንደሆነ ብጠይቃቸው «ተማሪ ቤት ደጁንም አልረገጥሁ» አሉኝ። «አይችሉም» ብዬ ልሞላ ስል በደረሳነታቸው፣ ማለት በቁርኣን ተማሪነታቸው፣ የተማሩበት የእንጨት ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየሁ። ስለ ሰሌዳው ስጠይቃቸው በዓረብ ፊደል በአማርኛ የተጻፈ የመንዙማ ደብተር አውጥተው፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ፤ የገለበጡትም በገዛ እጃቸው ነበር። ጥያቄዬን ስለ አስኳላ ብቻ አድርገው ስለ ወሰዱት ነው እንጂ አዋቂ ናቸው። ግድግዳቸውን ሳላይ ያለፍኋቸው ቤቶች እስከ ዛሬ ይቆጩኛል።

ስለ ባለቤታቸው ደግሞ «እሷስ መሠረተ ትምህርት ተምራለች» ብለው መለሱ። ባለቤታቸውን ራሳቸውን ስጠይቅ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻ ፊደል መቁጠራቸውን ነግረውኝ፣ «አሁን ስሜን ብቻ ነው የምጽፍ፤ ሌላው ጠፍቶኛል» አሉ። በዓለም አቀፉ መመሪያ ስሙንና ቁጥርን ብቻ የሚጽፍ ሰው ማንበብና መጻፍ ከሚችለው ወገን ስለማይገባ፣ «አይችሉም» ብዬ ሞላሁ። እንዲህ ሆኖ በአንድ ቤት ውስጥ የአባወራው መልስ ሁለት ጊዜ ስቶ ነበር።

ድርሻውን ከብዛቱ ለይተው እንዲያዩም አደራ እላለሁ። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ማንበብ የማይችለው ጎልማሳ ወደ 700 ሚሊዮን ይገመት ነበር፤ የዓለም ሕዝብ ስለ በዛ፣ ድርሻው እጅግ ቢወርድም ዛሬም ከ700 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛው ገደማ እንደ እኒያ እናት ሴቶች ናቸው።