መጠይቁን ለነርሶች ከማደላችሁ በፊት

ነርሶች ለሥራቸው ያላቸውን አመለካከት ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ልታጠኑ ለተነሣችሁ ልጆቼ፦

ዕድሜዬን በዋርድና በነርሶች ማስተማሪያ ክፍል ስላሳለፍሁ ይህን ርእስ ስትመርጡ ደስ ይለኛል። መጠይቁ ሲሞላ ሳይ ግን እሰጋለሁ።

አንዲትን ነርስ «በሥራዎ ረክተዋል?» ብትሏት «ተመስገን» ትላችኋለች። ማማረር እንደ ምስጋና ቢስነት በሚቆጠርበት አገር ይህ መልስ ከሥራዋ ይልቅ አስተዳደጓን ነው የሚነግራችሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቀው፣ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የሚያስመርጠው መለኪያ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ይሁንና «እስማማለሁ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ይሉኝታም ይገባል። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ተጨባጩ ነገር አውርዱት። ባለፈው አዳር ስንት ሕሙማን ነበሩብዎት? ጓንት ነበረ? ለተረኛዋ ሲያስረክቡ ሳይሠሩት የቀረ ምን ነበር?

ደግሞ «ስም አይጻፍም» ትላላችሁ፤ ቀጥላችሁ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የሥራ ክፍልና የአገልግሎት ዘመን ትጠይቃላችሁ። በማዋለጃ ክፍሉ ያለው ወንድ አንድ ብቻ ከሆነ ስሙን ጻፋችሁት ማለት ነው። ወረቀቱን የምትሰበስበው የክፍሉ ኃላፊ ከሆነችማ እውነቱን የሚጽፍላችሁ አታገኙም። የሚታሸግ ፖስታ ስጧቸው፤ መሰብሰቢያ ሣጥኑንም ከኃላፊዋ ቢሮ አርቁት።

ቃለ መጠይቁን «ጊዜ ከተረፈን» አትበሉት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የሥነ ልቦና ተንታኟ ኢዛቤል ሜንዚስ በለንደን አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል እንድታጠና ተጠርታ ነበር። የተነገራት ችግር የተማሪ ነርሶች ድልድል ነው። ነርሶቹን ቁጭ ብላ ስታነጋግር ግን ከሥሩ ከባድ ጭንቀት አገኘች። ነርሷ ከአንድ ሕመምተኛ ጋር እንዳትቀራረብ ሥራው በጥቃቅኑ ተከፋፍሏል፤ ሕመምተኛው በስሙ መጠራቱ ቀርቶ «አልጋ ቁጥር 10 ያለው ጉበት» ይባላል። አሠራሩ ነርሷን ከሕመምና ከሞት ጭንቀት ይጋርዳል ተብሎ የቆመ ነው፤ ጭንቀቷን ግን አላቀለለላትም። ከተማሪዎቹ ሲሶ ያህሉ ሥልጠናውን ሳይጨርሱ ይሄዱ ነበር። ይህን የትኛው ሣጥን ላይ የተደረገ ምልክት ይነግራችሁ ነበር?

አዳር ያደረችን ነርስ በር ላይ ይዛችሁ አታነጋግሯት፤ ትተኛ። በእረፍት ቀኗ፣ እሷ በመረጠችው ቦታ ጠብቋት። ዝም ስትልም ቀጣዩን ጥያቄ ለመወርወር አትቸኩሉ፤ ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ጽሑፉን ለመምህራን ከማስረከባችሁ በፊት ወደዚያው ክፍል ተመልሳችሁ ያገኛችሁትን ለነርሶቹ ንገሯቸው። መጠይቅ ሲሞሉ ኖረው ውጤቱን አንድም ቀን ያልሰሙ ብዙ ነርሶች አውቃለሁ። «እንዲህ አይደለም፣ ተሳስታችኋል» ካሏችሁ ያንንም ከነምክንያቱ ጻፉት።