ጽፌ የማላውቀውን ድራይቨር እንዴት ልገምግም?

አንዲት የአምስት ኪሎ ምሩቅ እንዲህ ስትል ጠይቃኛለች፦ «በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ከተመረቅሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ለቅጥር ፈተና የኢተርኔት ስዊች ቺፕ የሚያንቀሳቅስ የሊኑክስ ከርነል ድራይቨር ላከልኝ። 900 መስመር ይሆናል። በአምስት ቀን ውስጥ ገምግሜ አስተያየቴን በጽሑፍ እንድመልስ ይፈልጋሉ። የሲ ቋንቋን በደንብ አውቃለሁ፤ ድራይቨር ግን ጽፌ አላውቅም። ይቅርታ ጠይቄ ልተወው?»

እህቴ፣ እንዳትተዪው። ፍርሃትሽ የመጣው ገምጋሚ ከጸሐፊው የሚበልጥ ሰው መሆን አለበት ብለሽ በማሰብሽ ይመስለኛል። የከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ ዋና አንኳር፣ የሥራ ደንብ ራሱ እንዲህ አይልም። «ገምግሜዋለሁ» ብሎ ስሙን የሚያሰፍር ሰው ቃል የሚገባው ኮዱን መመርመሩን፣ ያሳሰበውን ነገር ለጸሐፊው ማሳወቁንና ሥራው ከርነሉ ውስጥ ቢገባ ይጠቅማል ብሎ ማመኑን ነው። እንከን የለሽ ስለመሆኑ ዋስ እንደማይሆን በግልጽ ተጽፏል። ካንቺም የሚጠበቀው ይኸው ነው።

900ውን መስመር ከላይ ወደ ታች እንደ ልብ ወለድ አታንብቢው። ሬጅስተር (ቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ) ከሚያነቡትና ከሚጽፉት ትንንሽ ፋንክሽኖች ጀምሪ። ብዙ ስዊች ቺፖች ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚነጋገሩት ኤምዲአይኦ በሚባል ባለ ሁለት ሽቦ መስመር ነው። በተለመደው አሠራሩ ይህ መስመር ለአንድ አድራሻ 32 ሬጅስተር ብቻ ይፈቅዳል፤ እያንዳንዱም 16 ቢት ነው። የስዊች ቺፕ ሬጅስተሮች ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበዛሉ። የሚዲያቴክን ኤምቲ7530 ውሰጂ፤ በብዙ የቤት ራውተሮች ውስጥ አለ። አንድ ባለ 32 ቢት ሬጅስተር ለማንበብ ድራይቨሩ መጀመሪያ ገጹን፣ ማለትም ሬጅስተሩ ያለበትን ምድብ፣ ይመርጣል፤ ቀጥሎ የታችኛውን 16 ቢት፣ ከዚያም የላይኛውን ያነባል። በመካከል ሌላ ሥራ ገብቶ ገጹን ቢቀይርበት ግማሹ ከአንድ ሬጅስተር፣ ግማሹ ከሌላ የተቀዳ ቁጥር ይመጣል። አንዱ ሥራ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይገባ የሚከለክል መቆለፊያ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አሁን ጣትሽን የተቆለፈበት መስመር ላይ አድርጊና ወደ ታች ሂጂ። ንባቡ ባይሳካ ምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ ስህተቱ እዚህ ጋ ተደብቆ ታገኚዋለሽ፦ ፋንክሽኑ ስህተት መኖሩን አይቶ ወዲያው ይመለሳል፤ መቆለፊያውን ግን አልፈታም። የግቢውን የጋራ መታጠቢያ ቤት ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከትቶ እንደሄደ ተከራይ ማለት ነው። ፋንክሽኑን ቀጥሎ የሚጠራው ሥራ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። ስሕተቱ የሚገለጠው የኤምዲአይኦ መስመሩ ሲበላሽ ብቻ ስለሆነ ጸሐፊው ጠረጴዛው ላይ ሲሞክረው አላየውም። እንዲህ ያለውን ለማግኘት የዓመታት ልምድ አያስፈልግም። እያንዳንዱን መውጫ በትዕግሥት መከተል ይበቃል፤ እሱን ደግሞ ትችያለሽ።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ የፖርቶቹ፣ ማለትም ገመድ የሚሰካባቸው የስዊቹ መግቢያዎች፣ መለያየት ነው። ለስዊች ቺፖች የተዘጋጀው ዲኤስኤ የተባለው የከርነል ማዕቀፍ እያንዳንዱን ፖርት ራሱን እንደቻለ የኔትወርክ ካርድ ያሳያል። ፖርቶቹ ወደ አንድ ብሪጅ (ፖርቶችን በሶፍትዌር አንድ ኔትወርክ የሚያደርግ ማገናኛ) እስኪገቡ ድረስ እርስ በርስ መረጃ ማስተላለፍ የለባቸውም። ቺፑ ግን ኃይል ሲያገኝ ሁሉንም አገናኝቶ ሊነሣ ይችላል። ፒያሳ ያለ አንድ ሆቴል የገንዘብ ያዡን ኮምፒውተርና የእንግዶቹን መስመር በአንድ ስዊች ላይ ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ ድራይቨሩ ፖርቶቹን ገና ሲነሣ ካልለያቸው ያ የታሰበው አጥር የለም ማለት ነው። ስለዚህ ማዋቀሪያውን ፋንክሽን ስታነቢ «ፖርቶቹ የት ተለያዩ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ካላገኘሽ ጥያቄሽን ራሱን ጻፊው።

ለማነጻጸሪያ ከርነሉ ውስጥ ተቀባይነት ያገኘ አንድ ድራይቨር ጎን ለጎን ክፈቺ። ዲኤስኤ ከርነሉ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ የማርቬል፣ የማይክሮቺፕና የሪልቴክ ቺፖች ድራይቨሮች አሉበት። ቤት ውስጥ ጸጥታ ካጣሽ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ ተቀመጪ።

አጻጻፍሽ ላይ ልቆይ፤ ሥራ ፈላጊዎች ሲወድቁ የማየው እዚህ ነውና። ያገኙትን ሁሉ እኩል አድርገው ይደረድራሉ። የከርነሉ የኔትወርክ ክፍል ሰዎች ተለዋዋጮች ከረጅሙ መስመር ወደ አጭሩ ተደርድረው እንዲታወጁ ይፈልጋሉ፤ ይህን አይተሽ ከሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ አንሺው። ክፍተትና የመስመር ርዝመትን የመሰለውን ቼክፓች የሚባለው ስክሪፕት ይለቅመዋል። ከፊት የሚቀመጠው መቆለፊያውና የፖርቶቹ ጉዳይ ነው። «ስህተት ነው» ብለሽ ብቻ አታቁሚ፤ «እዚህ መስመር ላይ ንባቡ ካልተሳካ መቆለፊያው ሳይፈታ እንወጣለን፤ ቀጣዩ ጠሪም ይታገዳል። መፍቻው ወዳለበት መውጫ ብንልከውስ?» ብለሽ ጻፊ። መስመሩ፣ መዘዙና መፍትሔው በአንድ ላይ ሲመጡ ጸሐፊው ተነሥቶ ያስተካክላል እንጂ አይከራከርሽም።

የቺፑ ሰነድ ካልተሰጠሽም «ሰነዱ ስላልነበረኝ የእነዚህን ሬጅስተሮች ዋጋ አላመሳከርኩም» በዪ። እኔ ቀጣሪ ብሆን ይህን ዐረፍተ ነገር የጻፈችውን ልጅ አስቀድሜ እጠራ ነበር፤ ያላየችውን አየሁ እንደማትል አውቃለሁና።

ከመላክሽ በፊት ላነብልሽ ፈቃደኛ ነኝ። ኮዱ የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ እሱን ለእኔም ለማንም እንዳታሳዪ። የአስተያየትሽንም አቀራረብ ብቻ፣ ከኮዱ የተቀዳውን አውጥተሽ፣ አትመሽ ነይ። ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቢሮዬ አለሁ።