የሥዕሌ ፎቶ ለምን ያብረቀርቃል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። የመንዝ በጎችን በዘይት ቀለም ስያለሁ፤ ለውድድር ፎቶውን ላኪ ተባልኩ። ቤት ውስጥ በስልኬ ሳነሳው ያብረቀርቃል፣ ጠርዙም ይንጋደዳል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍላሹን አጥፊና ሥዕሉን ደጅ አውጪው። የእናንተ አገር ደመና ለዚህ ሥራ የተሰጠ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች ግን ጥላ ውስጥ አቁሚው። ጠርዙ የሚንጋደደው ስልኩ ስለሚያዘነብል ወይም በጣም ስለምትጠጊው ነው፣ ስለዚህ ራቅ ብለሽ፣ ትንሽ ዙም አድርገሽ፣ ስልኩን ከሥዕሉ መሃል ትይዩ ይዘሽ አንሺ። በፎቶው ላይ ከሥዕሉ ዙሪያ የሚታየውን ግድግዳ ቁረጪው። ቀለሙን ግን በፊልተር አታሳምሪ! የበጓ ፀጉር በሸራው ላይ ወተት የመሰለ ካልሆነ፣ በፎቶውም እንደዚያው ይታይ፤ ዳኞቹ የሚያዩት ፎቶውን ብቻ ነው። ደንቡ ረጅሙ ጎን 2000 ፒክሰል ይሁን ካለ በጄፔግ (በተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) ልክ እንደዚያ አድርጊው። በቴሌግራም ከሆነ ደግሞ እንደ ፋይል ላኪው፣ እንደ ፎቶ ከሄደ ጥራቱ ይወርዳል።