የተቀበረ ጭቃ አያርፍም

ጂኦሎጂ ለምትማሩ ልጆቼ፣

በወጣትነቴ የሠራሁትን አንድ ስህተት ልንገራችሁ። ከመጋዘን የወጣ የሐይቅ ጭቃ ኮር (ከሐይቅ ወለል ተቆፍሮ የወጣ ረጅም ናሙና) ተሰጠኝ። ሳጥኑን ስከፍተው ጥቁሩ ጭቃ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነጫጭ መርፌዎች በቅለዋል። ጂፕሰም! ውሃ ሲተን የሚቀር ማዕድን። ወዲያው ማስታወሻዬ ላይ «ሐይቁ ደርቆ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ኮሩን ሲመጣ የተረከቡት አንድ የላብራቶሪ ሽማግሌ አየት አደረጉና «ሲመጣ እኮ ይሄ አልነበረበትም» አሉኝ።

ለካ መጋዘን ውስጥ ነው የበቀለው። ጭቃው ውስጥ ያለው ፓይራይት፣ ማለትም የብረትና የሰልፈር ማዕድን፣ አየር ሲያገኝ አሲድ ይወጣዋል። አሲዱ ካርቦኔቱን ይበላና ካልሲየም ይለቃል። ከዚያ ጂፕሰም ነው። እኔ የድርቅ ታሪክ ያልኩት የሳጥኑን ታሪክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማዕድን ስም ሲነገረኝ «መቼ ነው የበቀለው?» እላለሁ።

ጨው ባሕርን እዩ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ኬንያ ድንበር አጠገብ ያለውን የሐይቅ ተፋሰስ። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 280 ሜትር ገደማ ተቆፍሮ 620 ሺህ ዓመት ያህል የሚሸፍን ደለል ወጣ። እዚያ ፖታሲየም ሲበዛ ዘመኑ ደረቅ ነበር ተብሎ ይነበባል። ሰነፍ ሰው «ጎርፍ አመጣው» ብሎ ያልፋል። ነገሩ ግን ሌላም አለው። ሐይቁ ሲሸሽ ውሃው ጨዋማና አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ይሆናል። ከደጋ ታጥቦ የመጣው ስሜክታይት የሚባለው የሚያብጥ ሸክላ ፖታሲየሙን በንብርብሮቹ መካከል ይይዝና ወደ ኢላይት፣ ወደማያብጠው ሸክላ፣ ያዘነብላል። ይህ ለውጥ በተለምዶ ጥልቀትና ሙቀት ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ጨዋማው ውሃ ብቻውን ጨረሰው። ድርቁ ሲብስ ደግሞ አናልሲም የሚባል ሌላ ማዕድን ይበቅላል። ስለዚህ ለውጡን መረጃ አበላሽ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት፤ እዚህ መረጃው ራሱ እሱ ነው።

አንድ ጣጣ ግን አለ። ጨዋማው ውሃ ወደ ታች ይሰርጋል። ድርቁ ከመምጣቱ በፊት የተቀመጠውንም ንብርብር ሊለውጠው ይችላል።

ሸክላውን በኤክስሬይ ስትለኩ ግላይኮሉን፣ ሸክላ የሚያሳብጠውን ፈሳሽ፣ አትዝለሉ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ስሜክታይት ጠጥቶ የንብርብሮቹ ርቀት ወደ 17 አንግስትሮም (የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ) ያብጣል፤ ኢላይት 10 ላይ ንቅንቅ አይልም። በመሃል የሚንገዋለል ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ለውጡን እጅ ከፍንጅ ይዛችሁታል።

ደግሞ ኮሩን በተከፈተበት ዕለት ፎቶ አንሱት፣ ቀኑንም ጻፉበት። እኔ ያኔ ፎቶው ቢኖረኝ ሽማግሌው ባልሳቁብኝ።