ረባሽን በእንግሊዝኛ ምን እንበለው?

«እንግሊዞች ባለጌና ረባሽ ሰው በአራዳ ቋንቋቸው ምን ይሉታል? የትኛውንስ ሳልፈራ ልናገር?» ብለው ለጠየቁን አባል፣ ለንደን ውስጥ የሌሊት አውቶቡስ በማሽከርከር ከሰማሁት ተነሥቼ ልመልስ።

ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉ የሚነቅፈው የሰውየውን አድራጎት ነው ወይስ የመጣበትን ወገን የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። «ያብ» (yob) የሚባለው መንገድ ላይ የሚጮኽ፣ ሰው የሚዘልፍና ንብረት የሚሰብር ጎረምሳ ሲሆን፣ ቃሉም በ19ኛው መቶ ዘመን «ቦይ» (boy፣ ወንድ ልጅ) የሚለውን ቃል ፊደላት ከኋላ ወደ ፊት በማንበብ የተፈጠረ ነው። «ላውት» ለስዱና ለጋጠወጡ ይሆናል። «ሁሊጋን» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1898 በለንደን ጋዜጦች ገንኖ ወጥቶ፣ ዛሬ በአብዛኛው ለኳስ ሜዳ ነውጠኞች ይውላል። ቅዳሜ ሌሊት ደጋፊዎች በአውቶቡሱ ፎቅ ላይ ወለሉን እየደበደቡ ሲዘፍኑና የድንች ጥብሱን ደረጃው ላይ ሲበትኑት ግን፣ በሪፖርቴ የምጽፈው «ራውዲ» ብዬ ነው። ቃሉ ሁከቱን ብቻ ይገልጻልና፤ «ያብ» የሚለው ለዴፖው ሻይ ክፍል ወሬ ይቆይ።

እንዲጠነቀቁ የምመክረው በ«ቻቭ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኦክስፎርድ የዓመቱ ቃል ብሎ እስኪመርጠው ድረስ የገነነ ቢሆንም፣ በቱታውና በኮፍያው የድሃ ሠራተኛ ልጅ ላይ የሚያፌዝ ስድብ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን የሚነካካ ልጅ በአለባበሱ ብቻ እንዲህ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የስኮትላንዱ «ኔድ» ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከሕንድ የመጣው «ተግ» (ወሮበላ) ደግሞ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ በጥቁር ወጣቶች ላይ ስለሚለጠፍ፣ እኛ ባንደፍርበት ይሻላል።

አውስትራሊያ የሄደ ሰው ሌላ ነገር ይገጥመዋል። እዚያ «ሁን» ማለት (ለእኛ ጆሮ ትእዛዝ ቢመስልም) ጎማ እያንጫጨ በየመንገዱ የሚፈነጭ አሽከርካሪ ነው፤ በኩዊንስላንድና በቪክቶሪያ ፖሊስ መኪናውን ሊይዝበት ይችላል። ቀድሞ የሰፈር ዱርዬ መጠሪያ የነበረው «ላሪኪን» ግን ተጫዋችና ደፋር ለሆነ ሰው በፍቅር የሚነገር ሆኗል።

ከደቡብ ሕንድ የመጣ የሥራ ባልደረባ ካለዎት ደግሞ «ራውዲ» ብለው አይቀልዱበት፤ በአገሩ ፖሊስ በተደጋጋሚ ወንጀል ለሚጠረጥረው ሰው የሚከፍተው መዝገብ «ራውዲ ሺት» ይባላል።