«አልመጣችም» ብዬ የጻፍኩባት

ባለፈው አንዷ ተለማማጅ ሳይኮሎጂስት «ዶክተር፣ ፔሸንት ሲሞትብዎት ምን ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ሱፐርቪዥን (ሥራሽን ከባለልምድ ጋር መመካከር) ምናምን ብዬ መለስኩላት፣ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ያኔ ካንሰር ክፍል ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንዲት እናት ነበረች፣ ሰባት ወር ማክሰኞ ማክሰኞ ያየኋት፣ ጡቷ ላይ ጀምሮ ጉበቷ የደረሰባት። እኔ ጋ ቁጭ ብላ ለልጇ ደብዳቤ ትጽፍ ነበር፣ «ቤት ከጻፍኩ ታየኛለች» እያለች፣ ወረቀቱን እኔ መሳቢያ ውስጥ ትታው ትሄዳለች። አንድ ማክሰኞ ቀረች። ሃያ ደቂቃ ጠብቄ ካርዷ ላይ «አልመጣችም» ብዬ ጻፍኩና ቀጠሮ ላዛውር ባሏ ጋ ደወልኩ። ለካ እሑድ አርፋለች። ለሐኪሟ ተነግሯል፣ ሳይኮሎጂስቱን ግን ማን ያስታውሰዋል። ሰውዬው ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ይቅርታ ዶክተር፣ ሳንነግርዎት»። እሱ እኔን ይቅርታ! «አይዞዎት» ብዬ ቶሎ ዘጋሁት፣ ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ ቆሟል። ታካሚው ያወራውን አንድ ቃል አላስታውስም፣ ዝም ብዬ እሺ እሺ ስል ነበር። ቤት ገብቼም ሚስጥር ነውና ለሚስቴ ምን ብዬ ልንገራት።

ደብዳቤው ሦስት ሳምንት መሳቢያዬ ውስጥ ቆየ፣ በመጨረሻ በሶሻል ወርከሯ ላክሁት። ራሴ አልወሰድኩም፣ መልሼም አልደወልኩም። የመጨረሻው ገጽ መሃል ላይ ነው የቆመው፣ ማክሰኞ እንጨርሰዋለን ብለን።

ኬኔት ዶካ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለዚህ ዓይነቱ ሐዘን ጽፏል፣ ዕውቅና የተነፈገ ሐዘን፣ ሰው «አንተ ደሞ ምኗ ነህ?» የሚልህ ማለት ነው። በኋላ ሳነበው የኔን ነገር የሚያወራ ነው የመሰለኝ።

እናንተ ተለማማጆች፣ ታካሚ ሲሞትባችሁ እንቅልፍ፣ ስፖርት የሚለውን ምክር ታውቁታላችሁ፣ እሱን ተዉት። ዋርዱ ሰው ሲሞት ለናንተም እንዲደውል ስማችሁን አስጽፉ። ከዛ ቀጣዩን ታካሚ አሥር ደቂቃ አስጠብቁት፣ አይሞትም (ይኸው፣ እኛ ክፍል እንዲህ እየቀለድን ነው የምንውለው)። ቤተሰቡ ጋ አንዴ ደውሉ። ቀብር አትሂዱ እላለሁ፣ እኔ ግን ሁለቴ ሄጃለሁ፣ አንዱ በጣም ጠቅሞኛል።

የዛሬ ልጆች ባውንደሪ ባውንደሪ ስትሉ ያናድደኛል፣ ሰው ሳይቀርቡ የሚሠራ ሥራ ይመስል። ግን እውነቱን ለመናገር እናንተ ሲከብዳችሁ ከበደኝ ትላላችሁ፣ እኛ ቀልደን ነበር የምናልፈው፣ ሁለት ጓደኞቼ ሥራውን ጥለው የሄዱት እንደዛ እየቀለዱ ነው።

አንቺ ልጅ፣ ይህን ካየሽው ያን ቀን የመለስኩልሽን እርሺው። ሐሙስ ከሰዓት ቢሮ አለሁ፣ ነይ።