የቂንጥር ሽፋን ቀዶ ጥገና፦ ጠይቃችሁናል

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ 31 ዓመቴ ነው። የቂንጥሬ ሽፋን ወፍራም ነው፣ ወጣ ብሎ ይታያል፣ ጠባብ ሱሪ ሳደርግ ደግሞ ይቆረቁረኛል። አንድ ክሊኒክ «ትርፉን ቆዳ እንቀንሰዋለን፣ ስሜትሽም ይጨምራል» አሉኝ። ባለቤቴ ምንም ብሎኝ አያውቅም፣ የምሳቀቀው እኔ ነኝ። ላሠራው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ቆዳ ትርፍ አይደለም፣ ሥራ አለው። የቂንጥርን ጫፍ ከልብስና ከፍትጊያ ይከልላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የኦሪገን ተመራማሪዎች ወደ ቂንጥር የሚሄዱትን የነርቭ ክሮች ቆጥረው ከ10 ሺህ በላይ አግኝተዋል፤ ሐኪሙ የሚቆርጠው እንግዲህ እዚያው አጠገብ ነው። መልኩም ከሴት ሴት ይለያያል፤ የአንዷ ወፍራም ነው፣ የሌላዋ ስስ፣ ግራና ቀኙ እኩል ያልሆነም ሞልቷል።

ቀዶ ጥገናው ራሱ አጭር ነው። ሐኪሙ የሽፋኑን ቆዳ ቀንሶ ይሰፋል፣ ቂንጥሩን ግን መንካት የለበትም። ብዙ ጊዜ የውስጠኛውን ከንፈር ከመቀነስ ጋር አብሮ ይሠራል፣ በአብዛኛው በዚያው ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ። የሚያስቸግረው ማገገሙ ነው፦ እብጠቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ግንኙነት አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ሳምንት ያህል ይከለከላል፣ ትክክለኛው ቅርፅ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው።

«ስሜትሽ ይጨምራል» ያሉሽን ግን በቀላሉ አትቀበዪ። ሠርተውት ደስ ያላቸው ሴቶች የሉም አልልም፣ አሉ። ይሁንና የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2020 ለውበት ተብሎ ስለሚሠራው የብልት ቀዶ ጥገና ባወጣው ምክር፣ ውጤቱን የሚያረጋግጥ ጠንካራ ማስረጃ እንደሌለና ይህም ለሴቶች ሊነገራቸው እንደሚገባ ጽፏል። ሕመም፣ መድማት፣ ኢንፌክሽን፣ ጠባሳ፣ የቆዳ መጣበቅ፣ የስሜት መለወጥ፣ አንዳንዴም ድጋሚ ቀዶ ጥገና ሊያስከትል ይችላል። በዝቶ ከተቆረጠ ደግሞ ጫፉ ተጋልጦ ይቀርና ፓንት በነካው ቁጥር ያምሻል፤ የተቆረጠ ቆዳ አይመለስም።

መቆርቆሩስ? እሱ መጀመሪያ ይመርመር፣ ያውም ቀዶ ጥገናውን በማይሸጥልሽ የማህፀን ሐኪም። ፈንገስ ወይም የሳሙና አለርጂ ሊሆን ይችላል። ቆዳው ነጣ ብሎ ከሳሳና የሚያሳክክ ከሆነ ላይከን ስክለሮሰስ የሚባለው በሽታም አለ፤ እሱ መጀመሪያ የሚታከመው በጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት እንጂ በምላጭ አይደለም። ልጅ ሆነሽ ተገርዘሽ ከነበረ ደግሞ ሳታፍሪ ተናገሪ። ከጠባሳው ሥር ፈሳሽ የቋጠረ እጢ ሊያድግ ይችላል፣ አንቺ ወፍራም ቆዳ የመሰለሽ እሱ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ አሁንም ልብሽ ከፈለገ፣ ሐኪሙ የትኛውን ቆዳ ምን ያህል እንደሚቀንስ በሥዕል ያሳይሽ፣ ራሱ ስንቱን እንደሠራና ችግር ሲመጣ ማን እንደሚያክምሽ ጠይቂው። መልሱን ካድበሰበሰ ተነስተሽ ውጪ። ለውበት ከሆነ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ አይከፍልም፣ ይህንንም አስቢበት።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ይህንኑ ላድርግ አለችኝ። እኛ ከግርዛት ሸሽተን! በምን ይለያል?

መልስ፦ ድንጋጤዎ ይገባኛል እማማ። የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ሕክምና ምክንያት ሽፋኑን ብቻ ማስወገድን እንኳ ከግርዛት ዓይነቶች ይቆጥረዋል። በአሜሪካ ለጤና ግድ ካልሆነ በቀር ከ18 ዓመት በታች ላለች ልጅ መሥራት የፌደራል ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ አዋቂ ሴቶችንም ይጨምራል፤ እኛ አገርም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግርዛትን ያስቀጣል። ያም ባይሆን ሰውነቷ ገና እያደገ ነው። አይቆጧት፣ ምን እንዳየችና ማን ምን እንዳላት ይጠይቋት። የሚያማት ነገር ካለ ለልጃገረዶች የማህፀን ሐኪም ያሳዩዋት።